ከቀይ ባህር እስከ መርካቶ፤ የባህር አደጋን ሂሳብ የሚከፍለው ማን ነው?

ኖቬምበር 19 ቀን 2023 «ጋላክሲ ሊደር» የተባለች መኪና ጫኝ መርከብ ከቱርክ ተነስታ ወደ ሕንድ ስትጓዝ ቀይ ባህር ላይ በሄሊኮፕተር በወረዱ የየመን ሁቲ ታጣቂዎች እጅ ወደቀች። ሃያ አምስቱ ሠራተኞቿ የተለቀቁት ከአንድ ዓመት ከሁለት ወር በኋላ፣ በጃንዋሪ 2025 ነበር። መርከቧ ወደ ጅቡቲ የምትመጣ አልነበረችም። ሆኖም የዚያ ዕለት ድርጊት ሂሳብ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ በጭነት ዋጋ፣ በመድን አረቦንና በዕቃ መዘግየት መልክ አዲስ አበባ ደርሷል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብዙ አስመጪዎች ስለባህር አደጋ ሲጠየቁ የሚሰጡት መልስ አንድ ነው፤ «ኢንሹራንስ ገብቻለሁ» ይላሉ። መልሱ ስህተት ባይሆንም ግማሽ ነው። በባህር ንግድ ውስጥ አደጋ እንደ ቅርጫ ሥጋ የሚከፋፈል ነገር ነው። የመርከቡ ባለቤት አንድ መደብ ይወስዳል፤ የመርከቡ መድን ሰጪ ሌላውን፣ የጭነቱ መድን ሰጪ ደግሞ የራሱን ይወስዳሉ። ማንም ያልወሰደው መደብ ሳይነገር የሚቀረው ለአስመጪው ነው። አስመጪው ይህ መደብ የእርሱ እንደሆነ የሚያውቀው ግን አብዛኛውን ጊዜ ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው።

ጅቡቲ ከበሩ ውጪ ናት

አከፋፈሉን ለመረዳት በመጀመሪያ ካርታ መመልከት ይጠቅማል። ባብ ኤል መንደብ ጠበብ በሚልበት ቦታ ስፋቱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የጅቡቲ ወደብ የሚገኘው ከዚህ መተላለፊያ በስተደቡብ፣ በኤደን ባህረ ሰላጤ በኩል ነው። ስለዚህ ከሻንጋይ ወይም ከሙምባይ የተነሳ ጭነት ጅቡቲ ለመድረስ በሩን ማለፍ አያስፈልገውም። በአንጻሩ ከመርሲን፣ ከጄኖቫ ወይም ከአንትወርፕ የሚመጣው ዕቃ በስዊዝ ካናል ገብቶ፣ ቀይ ባህርን ከጫፍ እስከ ጫፍ አቋርጦ፣ በበሩ መውጣት አለበት። ጅዳ ላይ ከአንድ መርከብ ወደ ሌላ የሚዛወር ኮንቴይነርም እንዲሁ ነው።

ታዲያ ከቻይና ብቻ የሚያስመጣ ነጋዴ ጉዳዩ አይመለከተውም ማለት ነው? አይደለም። ማርች 6 ቀን 2024 «ትሩ ኮንፊደንስ» የተባለችው ጭነት መርከብ በሚሳይል ተመትታ ሦስት ባህረኞች የሞቱት ከበሩ ወዲህ፣ በኤደን ባህረ ሰላጤ ውስጥ ነው። የተረፉትን የሕንድ ባህር ኃይል ያወረዳቸውም ጅቡቲ ላይ ነበር።

ከሚሳይሉ ይልቅ በስፋት የተሰማው ግን የገበያው ጉዳይ ነው። በእስያና በአውሮፓ መካከል የሚመላለሱት ትላልቅ መርከቦች በደቡብ አፍሪካው ኬፕ ኦፍ ጉድ ሆፕ መዞር ሲጀምሩ ጉዟቸው ከ10 እስከ 14 ቀናት ረዘመ። አንድ መርከብ በዓመት የሚያደርገው ምልልስ ሲቀንስ ያው የመርከብ ቁጥር የሚያነሳው ጭነት ያነሰ ይሆናል፤ ባዶ ኮንቴይነርም በሚፈለግበት ወደብ አይገኝም። እጥረቱ ደግሞ በበሩ የሚያልፈውንና የማያልፈውን አይለይም። የስዊዝ ካናል ባለሥልጣን በ2023 ወደ 10.25 ቢሊዮን ዶላር ሰብስቦ የነበረ ሲሆን በ2024 ገቢው 3.99 ቢሊዮን ገደማ ሆኗል። ያለፉት መርከቦችም ከ26 ሺህ በላይ ከነበሩበት ወደ 13 ሺህ ወርደዋል።

ለንደን ላይ የሚሰመር መስመር

የመርከብ መደበኛ ኢንሹራንስ ጦርነትን አይሸፍንም። ባለቤቱ ለዚህ የተለየ ውል ይገባል። ያም ሆኖ ውሉ መርከቡ በየትም እንዲሄድ የሚፈቅድ አይደለም። ለንደን ውስጥ የሎይድስና የሌሎች የመድን ኩባንያዎች ተወካዮች የሚገኙበት «ጆይንት ዋር ኮሚቲ» የተባለ አካል አደገኛ የሚላቸውን የባህር ክልሎች በዝርዝር ያወጣል። በዝርዝሩ ወደሚገኝ ክልል የሚገባ መርከብ አስቀድሞ አሳውቆ ተጨማሪ አረቦን መክፈል አለበት፤ የተከፈለውም አብዛኛውን ጊዜ የሚያገለግለው ለሰባት ቀን ነው። ኮሚቴው በዲሴምበር 2023 የቀይ ባህሩን ክልል ሰሜናዊ ወሰን ከ15ኛው ወደ 18ኛው ዲግሪ ገፋው። የኤደን ባህረ ሰላጤም በክልሉ ውስጥ ስለሆነ ወደ ጅቡቲ የሚመጣ መርከብ ይህን ክፍያ አያመልጥም።

ከቀውሱ በፊት ተጨማሪው አረቦን ከመርከቡ ዋጋ 0.1 በመቶ በታች ነበር። በ2024 መጀመሪያ ላይ በገበያው የሚጠራው ከ0.7 እስከ 1 በመቶ ደረሰ። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። 50 ሚሊዮን ዶላር የምታወጣ መርከብ በ0.05 በመቶ 25 ሺህ ዶላር ትከፍላለች፤ በ0.7 በመቶ ግን 350 ሺህ ዶላር ይሆናል፤ ያውም ለአንድ ጉዞ። ይህ ወጪ 2,500 ኮንቴይነር በጫነች መርከብ ላይ ሲከፋፈል ለአንዱ 140 ዶላር ነው። ያችው መርከብ 500 ብቻ ጭና ከመጣች ግን 700 ዶላር ይሆናል። ጥቂት ኮንቴይነር የሚራገፍበት መስመር በጦርነት ጊዜ ይበልጥ የሚወደደው በዚህ ስሌት ነው።

መድን ያላገኘ መርከብ ደግሞ ጨርሶ አይንቀሳቀስም። በ2022 የዩክሬን እህል በጥቁር ባህር ወደቦች ተዘግቶ የቆየው በፈንጂው ብቻ አልነበረም፤ ለጉዞው ዋስትና የሚሰጥ ስላልነበረም ጭምር ነው። በጁላይ ወር ኢስታንቡል ላይ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ «ብሬቭ ኮማንደር» የተባለችው መርከብ 23 ሺህ ቶን ስንዴ ለኢትዮጵያ ጭና በኦገስት 16 ተነሳች፤ በወሩ መጨረሻም ጅቡቲ ገባች።

ይህ ሁሉ የሚወሰነው ከአዲስ አበባ ርቆ ነው። የአገር ውስጥ መድን ድርጅት ከፍ ያለውን አደጋ በጠለፋ መድን ወደ ውጭ ስለሚያስተላልፍ ለንደን ላይ የተሰመረው መስመር በቀጥታ ወደ እርሱ ዋጋ ይገባል። ስለዚህ አረቦኑ ለምን ጨመረ ብሎ ከመኮንኑ ጋር መከራከር ብዙም አያዋጣም። ክርክሩ ስለሽፋኑ ይዘት ቢሆን ይሻላል።

«ኤ» የተባለው ሁሉን አይሸፍንም

የጭነት መድን በዓለም ገበያ የሚሸጠው በአብዛኛው በሦስት ደረጃ ነው፤ «ኤ»፣ «ቢ» እና «ሲ» ይባላሉ። «ቢ» እና «ሲ» በስም የተዘረዘሩ አደጋዎችን ብቻ የሚይዙ ሲሆን «ኤ» ግን በስም ካልተገለለ በቀር ማንኛውንም የአካል ጉዳት ይሸፍናል። በመርካቶ «ኦል ሪስክ» የሚባለው ይኸው ነው። ከ«ኤ» በስም ከተገለሉት መካከል ጦርነት፣ በታጣቂ ኃይል መያዝ፣ እንዲሁም ተጥሎ የቀረ ፈንጂና ሚሳይል ይገኙበታል። የባህር ላይ ዝርፊያ ግን በ«ኤ» ይሸፈናል። «ቢ» እና «ሲ» ውስጥ ስሙ ስለሌለ አይሸፈንም። ርካሹን «ሲ» የገዛ ነጋዴ ዕቃውን የሶማሊያ የባህር ወንበዴ ቢወስድበት የሚጠይቀው የለም።

ለጦርነት የተለየ ተጨማሪ ውል አለ፤ ለአድማ፣ ለሁከትና ለሽብር ደግሞ ሌላ። አንድ ሚሳይል የጦርነት ተግባር ነው ወይስ የሽብር? ጠበቆች በዚህ ላይ ብዙ ሊጽፉ ይችላሉ። ሁለቱን ተጨማሪዎች ከአንድ ድርጅት አብሮ የገዛ ነጋዴ ግን የክርክሩን ውጤት መጠበቅ አያስፈልገውም፤ በአንዱ ወይም በሌላው ይካሳልና።

ከሁሉም የሚከብደው ደግሞ በሦስቱም ደረጃዎች የሚገኝ አንድ አጭር አንቀጽ ነው። በመዘግየት ምክንያት የመጣ ኪሳራ፣ መዘግየቱን ያስከተለው አደጋ ራሱ የተሸፈነ ቢሆን እንኳ፣ አይካስም ይላል።

የዚህ አንቀጽ ክብደት የታየው በዚሁ በኤደን ባህረ ሰላጤ ነው። በኦገስት 2008 «ቡንጋ ሜላቲ ዱዋ» የተባለች መርከብ ከማሌዥያ ወደ ሮተርዳም ባዮዲዝል ጭና ስትሄድ በሶማሊያ የባህር ወንበዴዎች ተያዘች። የጭነቱ ባለቤት ማሴፊልድ የተባለ ኩባንያ ሲሆን አንድ ወር ከጠበቀ በኋላ ንብረቱን እንደጠፋ ቆጥሮ ሙሉ ካሳ ጠየቀ። አሥራ አንድ ቀን ሳይቆይ ቤዛ ተከፍሎ መርከቧ ከነጭነቷ ተለቀቀች። ዕቃው ሳይጎድል ቢደርስም ገበያው አልፎበት ስለነበር የተሸጠው በወረደ ዋጋ ነው። ኩባንያው ለንደን ውስጥ መድን ሰጪውን አምሊንን ከሰሰ፤ በ2010 ተረታ፤ የይግባኝ ፍርድ ቤቱም በጃንዋሪ 2011 ውሳኔውን አጸናው። ወንበዴ ቤዛ ፈልጎ የያዘው ዕቃ ሊመለስ የሚችል ስለሆነ «ጠፍቷል» አይባልም የሚል ነበር የፍርዱ ሐሳብ። የቀረው ኪሳራ የመዘግየት ኪሳራ ነው፤ እርሱን ደግሞ የገዛው አልነበረም።

ተመሳሳዩን ወደ መርካቶ ማምጣት አይከብድም። ለምሳሌ ያህል አንድ ነጋዴ ለመስከረም ትምህርት መክፈቻ ደብተርና ቦርሳ ከመርሲን አዝዞ በሐምሌ አጋማሽ ይደርሳል ብሎ ቢጠብቅ፣ መርከቡም ቀይ ባህርን ትቶ በጅብራልታር ወጥቶ አፍሪካን ሲዞር ሳምንታት ቢያልፉ፣ ኮንቴይነሩ ሞጆ የሚገባው ተማሪው ደብተሩን ከገዛ በኋላ ይሆናል። አንድ ገጽ አልረጠበም፤ አንድ ዚፕ አልተበላሸም። መድን ድርጅቱ የሚከፍለው ሳንቲም የለም። የባንኩ ወለድ ግን ይቆጥራል። ክፍያውን በዱቤ ያደረገ ነጋዴ ከሆነ ደግሞ የምንዛሪውም ጉዳይ አለ። በጁላይ 2024 መጨረሻ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል።

የብስና ባህር

የጦርነት ሽፋን ሌላም ጠርዝ አለው። የሚሠራው ዕቃው መርከብ ላይ እስካለ ብቻ ነው። ዕቃው ከመርከብ ሲራገፍ፣ ወይም መርከቡ የመጨረሻው ማራገፊያ ወደብ ደርሶ 15 ቀን ሲሞላው ያበቃል። ይህ የለንደን መድን ሰጪዎች ስምምነት የተደረሰበት በ1937 ነው። በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ከተሞች ከአየር ሲደበደቡ አይተው፣ በአንድ መጋዘን የተከማቸ ሀብት በአንድ ሌሊት ሊወድም እንደሚችል ስለተረዱ በየብስ ላይ ያለ ዕቃን ከጦርነት ለመድን እምቢ አሉ።

ኢትዮጵያ ይህ ጠርዝ ምን ያህል እንደሚያቆስል ታውቃለች። በሜይ 1998 ጦርነቱ ሲነሳ አብዛኛው የአገሪቱ ጭነት የሚያልፈው በአሰብ ነበር። በአሰብና በምጽዋ ወደቦች ተራግፎ የነበረ ብዙ የኢትዮጵያ ዕቃ በዚያው ቀረ። መንግሥት ለኢትዮጵያና ኤርትራ የካሳ ኮሚሽን ያቀረበው የወደብ ጥያቄም በዲሴምበር 2005 ውድቅ ሆኗል። የዚያ ዓመት መርከቦች ዕቃውን በሰላም አድርሰዋል፤ አደጋው የጠበቀው መጋዘን ውስጥ ነው። ዛሬም ከጅቡቲ እስከ ሞጆ ያለው የመንገድና የባቡር ጉዞ በመደበኛው የጭነት ሽፋን ሊካተት ሲችል ከጦርነት ሽፋኑ ግን ውጪ ነው።

የሌላው ኪሳራ

ከአስመጪው ጋር ምንም ያልተዋዋለ ሰው ኪሳራ ወደ እርሱ የሚመጣበት መንገድም አለ። «ጄኔራል አቬሬጅ» ይባላል፤ የጋራ ኪሳራ እንደማለት ነው። መርከቡንና ጭነቱን በሙሉ ከአንድ አደጋ ለማዳን ሆን ተብሎ የወጣ ወጪ ወይም የተሠዋ ንብረት ቢኖር፣ ያ ኪሳራ ለዳነው ሁሉ እንደየዋጋው ይከፋፈላል። ሕጉ መርከበኞች በማዕበል ጊዜ ጭነት ወደ ባህር ከሚጥሉበት ከጥንቱ ዘመን የመጣ ነው። ለወንበዴ የተከፈለ ቤዛም በዚሁ ሂሳብ ሊገባ ይችላል።

በማርች 2021 «ኤቨር ጊቭን» ስዊዝ ካናልን ለስድስት ቀን ዘግታ ከተለቀቀች በኋላ ባለቤቷ ጄኔራል አቬሬጅ አወጀ። 18 ሺህ በላይ ኮንቴይነር ውስጥ ዕቃ የነበራቸው ሁሉ፣ ባለአንድ ካርቶኑም ጭምር፣ ዕቃቸውን ለመረከብ ዋስትና ማቅረብ ነበረባቸው። መርከቧ ራሷ እስከ ጁላይ 2021 ድረስ ግብፅ ውስጥ ተይዛ ቆይታለች። መድን ያለው የጭነት ባለቤት ዋስትናውን መድን ድርጅቱ ይጽፍለታል። መድን የሌለው ጥሬ ገንዘብ በዶላር ያስይዛል። የውጭ ምንዛሪ ወረፋ ለሚጠብቅ ነጋዴ የሁለቱ ልዩነት ዕቃውን በማግኘትና ባለማግኘት መካከል ያለ ልዩነት ነው። ለዚህ ደግሞ ርካሹ «ሲ» እንኳ ይበቃል።

ከሽቦ ወደ ወረቀት

በሶማሊያ ወንበዴዎች ዘመን አደጋን መከላከል በመርከቡ ላይ የሚታይ ሥራ ነበር። ጥቃቱ ከፍተኛ በሆነበት በ2011 ብቻ 237 ጥቃቶች ተመዝግበዋል። መርከቦች ጠርዛቸውን በእሾህ ሽቦ አጠሩ፤ የውኃ ቱቦ ተከሉ፤ ሠራተኛው የሚሸሸግበት የብረት ክፍል አበጁ፤ የታጠቀ ጠባቂ ቀጠሩ። የጦር መርከቦች ቅኝትም ተጨምሮበት ዝርፊያው ረገበ፤ በኢንዱስትሪው «ከፍተኛ አደጋ ያለበት ክልል» የሚለው ስያሜም በጃንዋሪ 2023 ተነሳ። ዓመቱ ሳያልቅ «ሩየን» የተባለች መርከብ በዲሴምበር ተጠለፈች።

ሽቦ ግን ሚሳይል አያቆምም። በፌብሩዋሪ 2024 የተመታችውና በማርች 2 የሰጠመችው «ሩቢማር» ከ20 ሺህ ቶን በላይ ማዳበሪያ ይዛ ነው የወረደችው። በጁላይ 2025 «ማጂክ ሲስ» እና «ኢተርኒቲ ሲ» በአንድ ሳምንት ውስጥ ሰጥመዋል። ባህረኞች በሠራተኛ ማኅበራቸው ስምምነት ወደተሰየመ የጦርነት ቀጣና አንሄድም የማለት መብት፣ ከሄዱም እጥፍ መሠረታዊ ደመወዝ የማግኘት መብት አላቸው። ይህም በጭነት ዋጋ ውስጥ ያለ ወጪ ነው፤ ከወጪዎቹ ሁሉ የሚገባው ይኸኛው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

መድን ሰጪዎች ስለመርከቡ ዕድሜ፣ ስለባለቤቱና ስለመንገዱ ጥያቄ ሲያበዙ የሚያማርር አስመጪ አለ። በጁላይ 2011 ኤደን አጠገብ «ብሪያንቴ ቪርቱኦሶ» የተባለች ነዳጅ ጫኝ መርከብ በወንበዴዎች ተቃጠለች ተብሎ ነበር። በ2019 የለንደን ፍርድ ቤት ቃጠሎው በባለቤቱ የተቀነባበረ መሆኑን ወስኗል። ጥያቄው የበዛው በከንቱ አይደለም።

ቀረጥ የሚጣልበት አደጋ

በኢትዮጵያ የጉምሩክ ቀረጥ የሚሰላው ዕቃው በተገዛበት ዋጋ ላይ ብቻ ሳይሆን ጭነትና ኢንሹራንስ ተጨምሮበት ነው። ስለዚህ የመርከብ ዋጋ በአንድ ኮንቴይነር 2,000 ዶላር ቢጨምር፣ 20 በመቶ ቀረጥ ለሚከፈልበት ዕቃ ቀረጡ በ400 ዶላር ያድጋል። በ2,400 ዶላሩ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሌላ 360 ይሆናል። ሌሎቹ ታክሶች ሳይቆጠሩ 2,000 የነበረው 2,760 ሆኗል። ሁቲዎች ያስከተሉት የዋጋ ጭማሪ ለመንግሥት ካዝናም ገቢ መሆኑ ብዙ ያልተነገረለት ነገር ነው። ዕቃውን ሲተምን ይህን የዘነጋ ነጋዴ ትርፉን በገዛ እጁ ይሸረሽራል።

አስመጪው ሊያደርግ የሚችለው በአብዛኛው የሚያልቀው መርከቡ ከመነሳቱ በፊት ነው። ዕቃው የት ወደብ ላይ ከመርከብ ወደ መርከብ እንደሚዛወር የዕቃ አስተላላፊውን መጠየቅ ይችላል። ለበዓልና ለትምህርት መክፈቻ የሚፈለገውን ዕቃ በኬፕ ቢዞር በሚወስደው ጊዜ ልክ አስቀድሞ ማዘዝ፣ የኤልሲውንም ቀነ ገደብ እንዲሁ ማስረዘም ይችላል። የመድን ውሉን ተቀብሎ መሳቢያ ውስጥ ከመክተቱ በፊትም የጦርነትና የአድማ ተጨማሪዎቹ በላዩ መጻፋቸውን ቢያይ አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም።

የቀን ጉዳይም አለ። መድን ሰጪው የጦርነት ሽፋኑን በአብዛኛው በሰባት ቀን ማስታወቂያ የመሰረዝ ወይም ዋጋውን የመከለስ መብት አለው። ማስታወቂያው ጊዜው ከማለቁ በፊት ሽፋኑ ሥራ የጀመረለትን፣ ማለትም መርከብ ላይ የተጫነውን ዕቃ ግን በተለምዶ አይነካም። በዲሴምበር 2023 ዜናውን በሬዲዮ ሰምቶ በማግስቱ መድን ድርጅት የሄደ አስመጪ አዲሱን ዋጋ ነው የጠየቀው። ዕቃው ቀደም ሲል በጦርነት ሽፋን ተመዝግቦ መርከብ ላይ የነበረለት ጎረቤቱ ግን በአሮጌው ዋጋ ተጉዟል።